ሃያ ሁለቱን የመለስኩት እኔ ነኝ

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን ነው ለእናንተ የምነግራችሁ። ንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን ያውቃሉ፤ ሰው ማማቴን፣ ከሚስቴ ጋር መኳረፌን፣ አንዳንድ እሑድ ቅዳሴ ሳላስቀድስ ተኝቼ ማርፈዴን ሁሉ ያውቃሉ። ይህን ግን አያውቁም። ሚስቴም አታውቅም። ጊዮርጊስ ደወል ሥር ተወልጄ ያደግኩ የአራዳ ልጅ ነኝ፤ የሰው ገበና ካገኘሁ በሳቅ አዋዝቼ የማወራ፣ አፌ ቁልፍ የሌለው ሰው ነኝ። የራሴን ገበና ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋጥ አድርጌ ኖርኩ። እንግዲህ ዛሬ ስሙኝ። ስትሰሙኝ ግን አትዘኑልኝ።

ያደረግኩት ይህ ነው። እማማ ዘሃራ የሚባሉ የካንሰር ሕመምተኛ ነበሩ። ምን ያህል እንደሚያማቸው ጠይቄ እንድጽፍ ተልኬ፣ በወጉ ሳልጠይቃቸው መልሱን ራሴ ጻፍኩላቸው። ደህና ናቸው ብዬ ጻፍኩ። ደህና አልነበሩም። በዚያ ወረቀት ምክንያት የሕመም ማስታገሻው ሰባት ሳምንት ዘገየባቸው። ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

ማብራሪያውንም ልንገራችሁ፤ ማምለጫ እንዳይመስላችሁ እንጂ። ስድስት ኪሎ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ፣ ፒያሳን በእግሬ ስለካ ከርሜ ነበር። የአንድ ጓደኛዬ እህት አንድ ሆስፒታል ለጥናት ጠያቂዎች እንደሚፈልግ ጠቆመችኝና ገባሁ። ሆስፒታሉ ለካንሰር ሕመምተኞች ቤት ለቤት የሚሄዱ ነርሶች ሊያሰማራ ነበር። ነርሷ ቤት ድረስ መጥታ ሕመሙን የሚያስታግሰውን ሽሮፕ ትሰጣለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ አስታማሚውን ታስተምራለች። ነርሶቹ ግን ሦስት ብቻ ነበሩ። ሕመምተኛው ደግሞ ኮሪደሩን ሞልቶ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተኝቷል። ታዲያ ማን ይቅደም? ዘመድ ያለው? ጮክ ብሎ የሚያለቅሰው?

ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር ሰላማዊት፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ክፍል የሚሞላ ሴት፣ "በትክክል ተለክቶ ይሁን" አሉ። እያንዳንዱ ሕመምተኛ ሠላሳ ጥያቄ ይጠየቃል። ይተኛል ወይ? ይበላል ወይ? ብቻውን ይታጠባል ወይ? ምን ያህል ያመዋል? ይጨነቃል? ለእያንዳንዱ "ጭራሽ የለም" ከሚለው እስከ "እጅግ በጣም" ድረስ አራት መልስ አለ፤ ጠያቂው አንዱን ያከብባል። ተደምሮ ኑሮው ይበልጥ የከበደበት ሰው ነርሷን ቀድሞ ያገኛል። ይህንን የኑሮ ጥራት መለኪያ ይሉታል። ሚዛኑ እንግዲህ እኛ ጠያቂዎቹ ነበርን።

አንድ ሳምንት አሠለጠኑን። ዶክተር ሰላማዊት ደጋግመው የነገሩን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የእኛ አገር ሰው እንዴት ነህ ሲባል ሳያመሰግን ሌላ ቃል አይወጣውም፤ እግሩ ተቆርጦም ተመስገን ነው የሚለው። ስለዚህ ምስጋናውን በአክብሮት ተቀበሉ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ከዚያ ጥያቄውን ድገሙት አሉን። ሁለተኛው፣ አስታማሚ አጠገብ ካለ አትጀምሩ የሚል ነበር። ሁለቱንም ደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥር አስምሬባቸዋለሁ። ደብተሩ እስካሁን አለኝ። አላውቅም ነበር የምትለዋ ቀዳዳ እንኳ የለችኝም።

ስናውቅ ነው እንግዲህ የምናጠፋው። ሌሎቹ በቀን ስድስት ሰው ሲጠይቁ እኔ አሥራ ሁለት አስገባ ጀመር። ሂሩት የምትባል ባልደረባዬ አንድ ሰው ዘንድ አንድ ሰዓት ትቀመጥ ነበር፤ "ሂሩትዬ፣ እየጠየቅሽ ነው ወይስ እያናዘዝሽ?" እያልኩ አስቅባት ነበር። ዶክተሯም "ታምራት እጁ ይፈጥናል" ብለው በሰው ፊት አመሰገኑኝ። እንዴት እንደፈጠንኩ ግን ማንም አልጠየቀኝም። እንዴት መሰላችሁ? የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች እጠይቅና ሰውዬውን አየት አድርጌ "ገባኝ" እላለሁ። የቀረውን ፒያሳ አንድ ካፌ ባንኮኒ ላይ ክርኔን አስደግፌ፣ ማኪያቶ እየጠጣሁ እሞላዋለሁ። የሰው እንቅልፍ፣ የሰው ሽንት፣ የሰው ጭንቀት፣ ማኪያቶ እየጠጣሁ እኔ እገምታለሁ። እንዲህ አድርጌ የሞላኋቸው አሥራ አንድ ናቸው። ቆጥሬያቸዋለሁ።

እማማ ዘሃራ ከአሥራ አንዱ አንዷ ናቸው። ሰኞ ቀን ነው። ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል፤ ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ሰፍረው እሳቸውን እዚያው ወለዷቸው፤ እሳቸውም እዚያው ኖሩ። የሰላት ኮፍያ በእጃቸው እየጠለፉ ለድልድዩ ሱቆች ያስረክባሉ። ከድጃ የምትባለው ልጃቸው ይዛቸው መጣች። የእኔ እኩያ ናት፤ ጨርቅ ቤት ትሸጣለች። ገና ሳልጀምር ከድጃ ወደ ጎን ሳብ አድርጋኝ እናቷ የበሽታውን ስም እንደማያውቁ፣ እባክህ እንዳትጠራባት ብላ ለመነችኝ። እኔም "አብሽሪ" አልኳት። ልል የሚገባኝ፣ "እህቴ፣ ለትንሽ ጊዜ ብቻችንን ተይን" ነበር። እሷ ግን መሐላችን ቁጭ አለች፣ እኔም አስቀመጥኳት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከባድ ዕቃ መሸከም ያስቸግርዎታል ወይ የሚል ነው። እማማ ሳቅ ብለው በዕድሜያቸው ከመርፌ የከበደ ነገር ይዘው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ሦስታችንም ሳቅን። እኔም እየሳቅኩ "ጭራሽ የለም" የሚለውን አከበብኩ። አያችሁ? ጥያቄው የእሳቸው ኑሮ ውስጥ የሌለ ነገር ነበር፤ የእሳቸውን ኑሮ መጠየቅ የኔ ፋንታ ነበር፤ እኔ ግን ቀልዱን ወድጄ አለፍኩ።

ከዚያ ሕመም ይሰማዎታል ወይ አልኳቸው። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ወደኔ ዞረው "አልሐምዱሊላህ" አሉ። በአንድ ጎናቸው ብቻ ነበር የተቀመጡት። ቀኝ እጃቸው የአግዳሚውን ጠርዝ ጨብጦ ጥፍራቸው ነጭ ሆኗል። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር፤ ኮሪደሩ ግን ይበርድ ነበር። አየሁ እኮ! ልጃቸውን ሲያዩም አየሁ፣ እጃቸውንም አየሁ፣ ላቡንም አየሁ። ዓይኔ ያየውን እጄ ካደና "ጭራሽ የለም" የሚለውን አከበበ።

ስምንተኛው ላይ ስደርስ ቀጣዩ ገጽ ስለ ሽንት፣ ስለ መታጠብ፣ ስለ ጠረን፣ ስለ አልጋ ነው። እናቴን የሚያክሉ ሴት እንዴት ይህን እጠይቃለሁ? ነውር ነው አልኩ። ነውርን ጋሻ አደረግኩት። ፎርሙን አጥፌ "ጨርሰናል እማማ፣ አላህ ያሽርዎ" አልኳቸው። እሳቸውም እደግ፣ ወግ ማዕረግ ይድረስህ ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን ተቀብዬ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። ሃያ ሁለቱን ጥያቄዎች እዚያ መለስኳቸው። እንቅልፍ ደህና፣ ምግብ ደህና፣ ጭንቀት የለም። ይባስ ብሎ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ እንዳይጠረጠር አልፎ አልፎ "ጥቂት" የሚለውን አከብብ ነበር። ይህን ያህል ብልጥ ነበርኩ።

ለምን? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ እንዳቀረብኩት አልነግራችሁም። ወጣት ነበርኩ ልበል? ሂሩትም ወጣት ነበረች። ሥራ በዝቶብኝ ልበል? አሥር ሰዓት ላይ ካፌ በር ቆሜ አላፊ አግዳሚውን አማ ነበር። እውነቱን ካላችሁኝ፣ መልሱን ፈራሁት። እማማ "አዎ፣ እጅግ በጣም ያመኛል" ቢሉኝ ምን ይዤ እነሳለሁ? እጄ ላይ እስክሪብቶ እንጂ መድኃኒት የለም። ካልሰማሁት የሌለ መሰለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ግን የሰውን በሽታ የደበቅኩት እኔ ነኝ። መድኃኒት ያጡት እሳቸው ናቸው።

ሰባት ሳምንት አለፈ። አንድ ዓርብ ቀን ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል ወርጄ ድልድዩ ጋ ስደርስ ከድጃ ከምትሸጥበት ጨርቅ ቤት ውስጥ አይታኝ ሮጣ ወጣች። የበደልኩትን ሰው አገኘሁ ብዬ ልቤ ደንግጦ ነበር። እሷ ግን ልታመሰግነኝ ነው የመጣችው። "ወረፋ ያስያዘን አንተ የጻፍክልን ወረቀት እኮ ነው" አለችኝ። "አላህ ይስጥልን። ተራችን እስኪደርስ ነው እንጂ።"

ተራቸው ከታች ነበር። ከታች ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እናትሽ እንዴት ናቸው አልኳት። ቁጭ ማለት እንዳቆሙ፣ መርፌና ክሩ ከተቀመጠ መሰንበቱን፣ ግን ሕመም እንደሌለባቸው፣ ድካም ብቻ ነው እንደሚሉ ነገረችኝ። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ተስፋ ነበር። ያ ተስፋ ነው የገደለኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ብርቱካን ገዝቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሆን ብዬ ከድጃ ሥራ ላይ በምትሆንበት ሰዓት ነው የሄድኩት። ከድልድዩ ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ቤት ናት። ጎረቤታቸው በሩን ከፈተችልኝ። እማማ ዘሃራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ የሻርፓቸውን ጫፍ ነክሰው ተጠቅልለው ተኝተዋል። የሰው ኮቴ ሲሰሙ ሻርፑን ከአፋቸው አውጥተው ዞሩና ፈገግ አሉልኝ። እንግዳ ሲመጣ ነጠላ እንደሚደረበው ነው ፈገግታውን የደረቡት።

የቀሩ ጥያቄዎች ስላሉ ነው የመጣሁት አልኳቸው። ጎረቤቷ ወጣች። ያን ቀን ሆስፒታል ስጠይቅዎ ሕመም የለም ብለውኝ ነበር እኮ እማማ፣ አልኳቸው። 

"መቼ ጠየቅከኝ?" አሉ። "ልጄ ፊት ነው የጠየቅከኝ። ልጇ ፊት የተጠየቀች እናት ምን ትበል?"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በሽታው ካንሰር መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚያውቁ ነገሩኝ። ሆስፒታል የታዩበት ክፍል በር ላይ ተጽፏል፤ ከድጃ እናቷ ፊደል የማይቆጥሩ ይመስላታል፤ እሳቸው ግን ቁርአንም አማርኛም አሳምረው ያነባሉ። እንዳወቅኩ እንዳትሰማ፣ ትሰበራለች አሉኝ። እናት ለልጇ፣ ልጅ ለእናቷ ሲሉ በአንዲት ክፍል ውስጥ ተደባብቀው ይኖሩ ነበር። እኔ ደግሞ በዚህ መሐል ገብቼ "ጭንቀት፦ የለም" ብዬ ጽፌያለሁ።

ሠላሳውን ጥያቄ እንደ አዲስ ጀመርኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ለእያንዳንዱ መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ ይላሉ፤ እኔም አብሬ አመሰግናለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ጥያቄውን እደግመዋለሁ። ያን ጊዜ እውነተኛው መልስ ቀስ ብሎ ይመጣል። ከወገባቸው በታች እንደ ቢላ እንደሚቆርጣቸው፣ ሌሊቱን ሲቆጥሩ እንደሚያነጉ፣ ጠረኑን ፈርተው ጎረቤት እንዳይመጣ ደክሞኛል እንደሚሉ። ነውር ያልኩትን ሁሉ ጠየቅኳቸው፤ እሳቸውም የወለዱኝ ያህል ሳያፍሩ ነገሩኝ። ለካ ነውሩ የነበረው አለመጠየቄ ነው።

ሲያልቅ እስክሪብቶዬን ከደንኩ። አለቀ? አሉኝ። አለቀ አልኳቸው።

"ዋናውን ሳትጠይቀኝ?" አሉ። "ሱጁድ መውረድ አቃተኝ። ግንባሬ መሬት ከነካ ወር አልፎታል። ለታመመ ሰው ተኝቶ መስገድ እንደተፈቀደ አውቃለሁ። ግን ልጄ፣ እኔ ቆሜም ተንበርክኬም ነው ማመስገን የለመድኩት።"

ፎርሙ ላይ ለዚህ ቦታ የለውም። ኅዳጉ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ እሳቸው እንዳሉት ጻፍኩት። ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። እማማ፣ ወረፋው የዘገየብዎት በእኔ ነው፣ ማለት ነበረብኝ። አፌ እስከ ጥርሴ ድረስ አምጥቶት ነበር። ዋጥኩት።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ሰላማዊት ቢሮ ገብቼ አዲሱን ፎርም ሰጠኋቸው። ሁኔታቸው በድንገት ተባብሶ አገኘኋቸው አልኩ። በድንገት! ሁለተኛው ውሸቴ ይህ ነው። ዶክተሯ ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርገው ኅዳጉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና ስልክ አነሱ። ረቡዕ ዕለት ነርሷ እማማ ዘሃራ ቤት ገባች።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገራችሁ፤ ደስ የሚል ነገርም አለው። ነርሷ ሽሮፑን በሰዓቱ እንዴት እንደሚሰጥ ለከድጃ አሳየቻት፣ ለጠረኑም መድኃኒት ሰጠች፣ እናትና ልጅንም አንድ ላይ አስቀምጣ አነጋገረቻቸው። እማማ "ካንሰር መሆኑን አውቃለሁ" ሲሉ ከድጃ አልቅሳ አልቅሳ መጨረሻ ላይ ሳቋ መጣ። እናቴ ማንበብ አትችልም ብዬ ስንት ወረቀት ፊቷ ጥዬ ሄድኩ መሰለህ አለችኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዓርብ ቀን ደወለችልኝ። ድምፏ እየተቆራረጠ እናቷ ቆመው መስገድ እንደጀመሩ፣ ሱጁድ ወርደው ግንባራቸው ምንጣፉን እንደነካ፣ ከዚያ ለመነሳት እጇን እንደያዙ ነገረችኝ። እኔ ጎዳና ላይ ነበርኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

እማማ ከዚያ በኋላ ሁለት ረመዳን አዩ። ኮፍያ መጥለፉንም ጀመሩት፤ ልጠይቃቸው ስሄድ ትራስ ላይ ተደግፈው ሲሠሩ አገኛቸው ነበር። ጎረቤት ቤቱን ሞልቶት ይውላል። የሞቱትም በበሽታው ነው፣ በስቃይ ግን አይደለም። ይህን ማንም አይወስድባቸውም።

ፎርሙም ተለወጠ። ዶክተር ሰላማዊት ስብሰባ ጠርተው የኅዳጉን ጽሑፍ አነበቡልን። ሰውን ከራሱ ኑሮ ውጭ በሆነ ነገር ለክተን ፍትሕ አደረግን ልንል አይገባም አሉ። ከሠላሳው በኋላ አንድ ክፍት ጥያቄ ተጨመረ፦ "ሕመሙ ከሚወዱት ነገር ምን ከለከለዎት?" የሚል። መልሱ ያስገርም ጀመር። አንዱ የጥበቃ ሠራተኛ የጊዮርጊስን ደረጃ ወጥቼ በሩን መሳም ናፈቀኝ አለ። አንዲት እናት የልጄን ፀጉር መሥራት አቃተኝ አለች። ነርሶቹ ሲሄዱ ይህን ይዘው ይሄዱ ጀመር። ለዚህ ሁሉ የተመሰገነው ማነው? እኔ። ተጨበጨበልኝ፣ የጠያቂዎች ተቆጣጣሪ ሆንኩ፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ አካባቢ አዳዲስ ጠያቂዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። እንጀራዬ ከዚያች ኅዳግ ነው የመጣው።

የቀሩትንስ አሥሩን? ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ይገባችኋል። በየቤታቸው ዞርኩ። ክትትል ነው እያልኩ እንደገና ጠየቅኳቸው። ስምንቱን አገኘኋቸው፤ አምስቱ ከጻፍኩት በእጅጉ የባሱ ነበሩና ወረፋቸው ወደ ላይ መጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔም ለቀምኩ። ሁለቱ ግን ሞተው ደረስኩ። አንደኛው ቤት በር ላይ ድንኳኑ ገና አልተነሳም ነበር። የሁለቱም ፎርም ላይ በኔ እጅ ጽሑፍ ሕመም ጭራሽ የለም ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ስለ እነዚህ ሁለቱ ማንም ይቅር ሊለኝ አይችልም፤ እንዲለኝም አልጠይቅም።

ታዲያ ዛሬ ምን አናገረኝ? ባለፈው ወር አንዲት ሠልጣኝ በአንድ ቀን አሥራ ሁለት ፎርም አስገባች። አገላብጬ አየሁት። አልፎ አልፎ "ጥቂት" ተከቧል። ያን እጅ አወቅኩት። የት ሞላሽው ስላት አንገቷን ደፍታ ካፌ ውስጥ አለችኝ። ሂጂና እንደገና ጠይቂያቸው አልኳት። በር ላይ ደርሳ ዞረችና፣ "ጋሽ ታምራት፣ እርስዎ እንዲህ አድርገው ያውቃሉ?" አለችኝ። "በፍጹም" አልኳት። ሦስተኛው ውሸቴ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሞቷል ያልኩት ውሸት ገና ከአፌ ትኩስ ሆኖ ወጣ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በማግስቱ ጠርቻት እውነቱን ለመናገር ሞከርኩ፤ መጀመሪያ የሚገባው ሌላ ሰው እንዳለ ገባኝና ቆየሁ። ከእናንተና ከዚያ ሰው ቀጥሎ ተራዋ ነው። ለዶክተር ሰላማዊትም የአሥራ አንዱን ስም ጽፌ ደብዳቤውን በዚህ ሳምንት ልኬላቸዋለሁ።

ያ ሰው ከድጃ ናት። ድልድዩ ጋ የነበረው ቤት ዛሬ የለም፤ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ኮንዶሚኒየም ገብታለች። በየኢዱ ምሳ ትጠራኛለች፤ አንድም ኢድ አልቀረሁም። በመጣ እንግዳ ሁሉ ፊት "ለእማዬ ነርሷን ያመጣላት ወንድሜ ነው" ትላለች። ልጆቿ አጎቴ ነው የሚሉኝ። ከሳህኑ ላይ ምርጡን ሥጋ ወደኔ ትገፋዋለች። እኔም እበላለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ያልተገባኝን ምስጋና ጎርሻለሁ። ያመጣሁትማ እውነት ነው እኔ ነኝ። ሰባት ሳምንት ያስቀረሁትም እኔ ነኝ። አንዱን ብቻ ታውቃለች።

ትናንት ደወልኩላት። ቅዳሜ ልመጣ ነው አልኳት። እሰየው፣ ምን ልሥራልህ አለችኝ። ምንም አትሥሪ አልኳት። ደነገጠች፤ ታመሃል እንዴ አለችኝ። አልታመምኩም፣ ስለ እማማ የምነግርሽ ነገር አለ፣ ከሰማሽው በኋላ ተቀመጥ ካልሽኝ እቀመጣለሁ አልኳት።  ከዚያ "ና" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሰባቱን ሳምንት እነግራታለሁ። ያን የነከሱትን ሻርፕ፣ ጥፍራቸውን፣ ላቡን፣ ካፌውን፣ "በድንገት" ያልኩትን ሁሉ እነግራታለሁ። ወጣት ነበርኩ አልላትም። በኋላ አስተካክያለሁም አልላትም፤ እሱን ታውቀዋለች። ስጨርስ በእናቷ አነጋገር "አፉ በይኝ" እላታለሁ፤ ይቅር በይኝ ማለት ነው። ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። የምትመልሰውን ግን እኔ አልሞላላትም።